ከኦኩ ሥር ያገኘኋት የእሳት ራት

ዛሬ ጠዋት በረንዳ ላይ የከረመው ብልቃጥ ውስጥ የሆነ ነገር ሲርገበገብ አየሁ። ወጣች!

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሴፕቴምበር ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቤታችን ጀርባ ነጭ ኦክ የሚባል ዛፍ አለ። ዝቅ ያለ ቅርንጫፉ ላይ ሁለት ቅጠል ተደራርቦ ተጣብቋል፤ ጠርዙ እንደ ሳምቡሳ ድፍን ያለ። በጥፍሬ ቀስ ብዬ ስለየው ስስ ነጭ ድር ተበጣጠሰ። ውስጡ ገርጣ ያለች አረንጓዴ አባጨጓሬ! የኋሊት እየተወራጨች ልታመልጠኝ ነበር። የቅጠሉን ሥጋ ግጣ ሥሩን ብቻ ስለተወችው ወንፊት መስሏል። ዙሪያዋን ጥቁር ጤፍ የመሰለ ኩስ ተበትኗል። መኝታዋም ጓዳዋም ሽንት ቤቷም እዚያው ነው።

ኦክን እዚህ እስክመጣ አላውቀውም ነበር። በኋላ ነው የአብርሃም የመምሬ «አድባር ዛፍ» በአንዳንድ የእንግሊዝኛ ትርጉም ኦክ መሆኑን ያየሁት። እኔም ዛፌን አድባሬ እለዋለሁ።

ከነቅጠሏ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኳት። እናቴ በስልክ ስትሰማ «ደግሞ ብል ማርባት ጀመርሽ?» አለችኝ። እንደሷ ያሉት የበረዶውን ወራት ሙሽሬ (ከአባጨጓሬ ወደ እሳት ራት መሸጋገሪያ) ሆነው ስለሚያልፉ ብርዱ እንዲያገኛት ውጭ ተውኳት።

ወገኗን መለየት አላስቸገረኝም። ትንሽ ናት፣ የደረቀ ቅጠል መልክ አላት፣ ክንፏ በእርሳስ የተጫረ በሚመስል ስስ መስመር ተሞልቷል። ከፊቷ ሁለት ነገር እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ ቀና ብሏል። የወገኗ ሳይንሳዊ ስም ፒሲሎኮርሲስ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1860 ያወጣው ብራከንሪጅ ክሌመንስ የሚባል የፔንስልቬኒያ ሐኪም ነው።

ጣጣው ከዚያ ወዲያ ነው። በዚሁ ወገን ውስጥ ኦክ የሚበሉ ዘመዳም ዝርያዎች አሉ። ኩዌርሲሴላ የምትባለው ስሟ ራሱ ከኦክ የላቲን ስም የመጣ ስለሆነ «እሷው ናት» ብዬ ቸኩዬ ነበር። ግን ሪፍሌክሴላም ኦክ ትበላለች፤ የእሷ ምልክት ክንፏ ላይ ያለው ነጥብ ነው። ክሪፕቶሌኪየላ ደግሞ በክንፏ ጥቁር ዘርፍ ትታወቃለች።

ማጉያ መነጽሬን አመጣሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ሌሊቱን ክዳኑን ስትደበድብ አድራ የክንፏ ዱቄት ረግፏል። ነጥብ ይሁን ጭረት አይለይም። ጥፋቱ የኔው ነው፤ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ማዛወር ነበረብኝ። ቁርጡን ለማወቅ ገድሎ የመራቢያ ብልቷን በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። እሱንስ አላደርገውም።

አመሻሽ ላይ ኦኩ ሥር ክዳኑን ከፈትኩላት። አልሄደችም። ብልቃጡ አፍ ላይ ቀንዷን አቁማ ተቀመጠች። እኔም ደብተሬ ላይ «ፒሲሎኮርሲስ» ብዬ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ።