ጠመኔ የመሰለኝ ለምጽ

መጀመሪያ ጠመኔ ነው ብዬ ነበር። ዳንግላ ሒሳብ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ከክፍል ወጥቼ እጄን ስታጠብ አመልካች ጣቴ ጫፍ ላይ ያለው ነጭ ነገር አልለቅ አለ። ወር ሳይሞላ ከንፈሬ ጥግ ላይ ወጣ። ከዚያ ግራ ዓይኔ አጠገብ።

እናቴ «ልጄ፣ ጠበል ግባ» አለችኝ። ገባሁ። እሱ አልጎዳኝም። የጎዳኝ አንድ ጎረቤት ያመጣው ቅጠል ነው። ተወቅጦ ክንዴ ላይ ታሰረ፤ እንደ ፍም ሲያቃጥለኝ አደረ። ቁስሉ ሲድን ቦታው ነጭ ሆኖ ቀረ። ለምጽ ያለበት ሰው ቆዳው ከቆሰለ ወይም ከተቃጠለ እዚያው ላይ አዲስ ለምጽ ሊወጣ ይችላል። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው። ደግሞ ብሶ ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት ያለ ማዘዣ ገዝቼ ፊቴን ለወራት ቀባሁ። ቆዳዬ ሳስቶ ደም ሥሩ መታየት ጀመረ።

በዚህ መሃል አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። «ስማ፣ መድኃኒት ተገኘለት እኮ!» ሩክሶሊቲኒብ የሚባል ክሬም ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ የለምጽ ታማሚዎች ፈቅዶታል። የቆዳን ቀለም እንዲመልስ ሲፈቀድ የመጀመሪያው ነው። «ላክልኛ!» አልኩት። አንዱ ቱቦ እዚያ ወደ 2,000 ዶላር እንደሚሸጥ ሲነግረኝ ግን ዝም አልኩ። የመምህር ደመወዝ ይታወቃል።

ቢሆንም ያ ስልክ ባሕር ዳር ወደ ቆዳ ሐኪም አስኬደኝ። ክፍሉን አጨልማ ሐምራዊ መብራት ስታበራብኝ ለምጹ እንደ ኖራ አበራ። ደረቴ ላይ እኔ የማላውቀው ሌላ ነበር። «ይሄ ሥጋ ደዌ አይደለም፤ ወደ ሰውም አይተላለፍም» አለችኝ። የራሴ የሰውነት መከላከያ ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች እያጠቃ ነው። አዲሱ ክሬም ያንን የጥቃት መልእክት ያቋርጣል። ስለ ክሬሙ ስጠይቃት አላጋነነችም፤ ክሬሙ በተሞከረበት ጥናት ከ24 ሳምንት በኋላ ፊታቸው ላይ ካለው ለምጽ ቢያንስ ሦስት አራተኛው ቀለሙ የተመለሰላቸው ከ10 ሰው 3 ያህሉ ናቸው።

ለእኔ ታክሮሊመስ የሚባል ቅባት አዘዘችልኝ። ለችፌ የተሠራ የቆየ መድኃኒት ነው፤ ሐኪሞች ለፊት ለምጽም ያዝዙታል፣ ቆዳም አያሳሳም። ከአዲስ አበባ አስመጣሁት። ጠዋትና ማታ መቀባት፣ ቀን ባርኔጣ ማድረግ። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ፎቶ ነው። በየወሩ መጀመሪያ፣ እዚያው መስኮት ሥር፣ በዚያው ሰዓት አነሳ ነበር። መስታወት ብቻ ባይ ኖሮ በሁለተኛው ወር በተውኩት።

በሦስተኛው ወር ፎቶ ላይ ዓይኔ አጠገብ ቡናማ ነጠብጣቦች አየሁ። ቀይ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ቀለሙ የሚመለሰው ከፀጉር ሥር ካሉ ሴሎች ነውና በየፀጉሩ ዙሪያ ይጀምራል። በሰባተኛው ወር ዓይኔ አጠገብ ያለው ሞላ። የከንፈሬ ገና ግማሽ ነው። የጣቴ ጫፍ ፀጉር የለውም፤ ሐኪሟም ከመጀመሪያው «እሱን ተስፋ አታድርግ» ብላኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ጣትዎን ጠመኔ ነክቶታል» አለችኝ። ጣቴን ዘርግቼ አሳየኋት።