ሰርተፊኬት መጠየቅና ማስገደድ

ባለፈው ዓመት የእኛን ሰርቨር ከአንድ አጋር ድርጅት ሲስተም ጋር ስናገናኝ፣ ሁለቱ ወገኖች በሰርተፊኬት፣ ማለትም በዲጂታል መታወቂያ፣ እንዲተዋወቁ ተስማምተን ነበር። ይኸውም እንደ ተለመደው ሰርቨሩ ብቻ ሳይሆን ክላየንቱም (ጥያቄ ላኪው ወገን) የራሱን ሰርተፊኬት አቅርቦ ማንነቱን የሚያስረዳበት የቲኤልኤስ (የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚመሰጥረው ፕሮቶኮል) አሠራር ነው። ሥራው አልቆ የአጋራችን ጥያቄዎች ያለ እንከን መግባት ከጀመሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሌላ ነገር እየፈተሽሁ ሳለ ከላፕቶፔ ላይ በከርል (ከትእዛዝ መስመር ጥያቄ በሚልክ መሣሪያ) ወደዚያው አድራሻ ያለ ምንም ሰርተፊኬት ጥያቄ ላክሁ። እምቢ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ 200፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ መለሰልኝ። ደግሜ ላክሁ፤ አሁንም 200።

ጥፋቱ የእኔው ነበር። ሰርቨሩ የሚሠራው ቲኤልኤስን በሚተገብረው ኦፕንኤስኤስኤል በተባለ የሶፍትዌር ላይብረሪ ሲሆን፣ «ቬሪፋይ ፒር» የሚባለውን ምርጫ ብቻ አብርቼ የበቃ መስሎኝ ነበር። ይህ ምርጫ በክላየንት በኩል ሲበራ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት መመርመር ግዴታ ያደርጋል፤ በሰርቨር በኩል ግን ትርጉሙ ይለያል። ሰርቨሩ ሰርተፊኬት ይጠይቃል፣ የቀረበለትን ይመረምራል፣ የማይታመን ሆኖ ካገኘው ግንኙነቱን ያቋርጣል፤ ክላየንቱ ምንም ካላቀረበ ግን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ባዶ እጁን የመጣውን ለመመለስ «ፌይል ኢፍ ኖ ፒር ሰርት» የሚባለው ሁለተኛ ምርጫ አብሮ መብራት አለበት። መታወቂያ ጠይቆ «አልያዝኩም» ሲሉት «ይሁን፣ ይግቡ» የሚል የበር ጥበቃ ቀጥሬ ነበር ማለት ነው፤ የሚመልሰውም የተጭበረበረ መታወቂያ የያዘውን ብቻ ነበር።

ፕሮቶኮሉ ለዚህ ቦታ የተወው በስህተት አይደለም። በሃንድሼኩ፣ ማለትም ሁለቱ ወገኖች ግንኙነቱን ሲጀምሩ በሚያደርጉት የመተዋወቂያ መልእክት ልውውጥ፣ ወቅት ሰርቨሩ ሰርተፊኬት ሲጠይቅ፣ ክላየንቱ የሚያቀርበው ባይኖረው እንኳ ባዶ የሰርተፊኬት መልእክት መመለስ ይኖርበታል፤ ከዚያ ወዲያ መቀጠሉም ሆነ ማቋረጡ ለሰርቨሩ የተተወ ውሳኔ ነው። ሰርተፊኬት ያለው ክላየንት ደግሞ እስከዚያ ድረስ በተለዋወጧቸው መልእክቶች ላይ እሱ ብቻ በሚይዘው የግል ቁልፉ ይፈርማል። ማንነቱን የሚያረጋግጠው ይህ ፊርማ እንጂ ሰርተፊኬቱ ብቻውን አይደለም፤ ሰርተፊኬት ማንም ሊቀዳው የሚችል ሰነድ ነውና። እንዲያውም በቲኤልኤስ 1.2 የክላየንቱ ሰርተፊኬት በመጀመሪያው ሃንድሼክ ሳይመሰጠር ስለሚያልፍ፣ መስመሩን የሚያዳምጥ ሁሉ ማን እንደ መጣ ማንበብ ይችላል፤ በ1.3 ግን ተመስጥሮ ይጓዛል።

በዚህ ረገድ የጎ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ አዘጋጆች ያደረጉትን እወድላቸዋለሁ። ምርጫዎቹን በአምስት ከፍለው ለእያንዳንዱ የሚሠራውን በቀጥታ የሚናገር ስም ሰጥተውታል። ከአምስቱ አንዱ ግን አሁንም ያስፈራኛል፦ ሰርተፊኬት የግድ ይላል፣ ማን እንደ ፈረመው ግን አይመረምርም። ምርመራውን ፕሮግራመሩ ራሱ ካልጻፈው፣ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ በአንድ ትእዛዝ ለራሱ የሠራው ሰርተፊኬት ያሳልፈዋል።

ሁለተኛውን ምርጫ ባበራሁ ማግስት የአጋራችን ባለሙያ ደወለ። «ሎጋችን ግንኙነቱ ተሳክቷል ይላል፤ መልስ ልናነብ ስንል ነው የሚቆረጠው። ኔትወርካችሁን እዩት እስቲ» አለኝ። ግማሽ ቀን ፋየርዎል ስንመረምር ዋልን። ነገሩ ግን የኔትወርክ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ቲኤልኤስ 1.3 የሃንድሼኩን የመጨረሻ መልእክቶች የሚልከው ክላየንቱ ስለሆነ፣ ሰርቨሩ ሰርተፊኬቱን ገና ሳያይ ክላየንቱ በበኩሉ ጨርሻለሁ ብሎ ዳታ መላክ ይጀምራል፤ የሰርቨሩ እምቢታ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ፣ በመጀመሪያው ንባብ ላይ ነው። ለባዶ እጅ የተመደበውም የማስጠንቀቂያ ቁጥር 116 ነው። እነሱ ዘንድ አንደኛው ማሽን ሰርተፊኬቱ ጨርሶ አልተጫነበትም ነበር፤ እኔ በሩን ክፍት ትቼው ስለነበር ያን ሁሉ ሳምንት ማንም አላወቀም።

ሌላው ችላ የሚባል ነገር ሴሽን ማስቀጠል፣ ማለትም ቀድሞ የተመሠረተን ግንኙነት ሙሉውን ሃንድሼክ ሳይደግሙ መቀጠል፣ ነው። ክላየንቱ ቀደም ሲል በተሰጠው ቲኬት ሲመለስ ሰርቨሩ እንደገና ሰርተፊኬት አይጠይቅም፤ የፊተኛውን ማረጋገጫ ያምናል። ቲኬት በ1.3 እስከ 7 ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ ዛሬ የተሰረዘ ሰርተፊኬት ባለቤት ሰርቨሩ በራሱ ካልፈተሸ በስተቀር ነገም ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ኤንጂንኤክስ በተባለው የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌር ላይ የተደፈነው የደህንነት ቀዳዳም ከዚሁ የመጣ ነበር፦ በአንድ አድራሻና ፖርት ላይ ብዙ የሰርቨር ስሞች ሲኖሩ፣ በአንዱ ስም የተገኘን ሴሽን በሌላው ላይ በማስቀጠል የሁለተኛውን የሰርተፊኬት ማረጋገጫ ማለፍ ይቻል ነበር። ማስተካከያው የገባው በ1.26.3 እና በ1.27.4 እትሞች ነው።

አሁን ማንኛውም ለውጥ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይላካሉ፦ አንዱ ያለ ሰርተፊኬት፣ አንዱ ራሴ በፈረምሁት፣ አንዱ ደግሞ የእኛው ሰርተፊኬት ሰጪ ለሌላ አገልግሎት በፈረመው። ሦስቱም መውደቅ አለባቸው። የመጀመሪያው ቀን ሁለቱ ወደቁ፣ ሦስተኛው አለፈ፦ ለውስጥ መከታተያ ሲስተማችን የተሰጠ ሰርተፊኬት ይዞ የአጋራችንን መረጃ አነበበ። ኦፕንኤስኤስኤል ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ፊርማው የእኛ ነው። በሰርተፊኬቱ ላይ ያለውን ስም ከተፈቀዱት ጋር የሚያስተያየውን ኮድ ግን ማናችንም አልጻፍነውም ነበር።