ትንሿ ባትሪ፦ አዲሷ የኤሌክትሪክ መኪናዬና የመጀመሪያዎቹ ወራት በጎንደር

የኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ ስትሉ ሰው ሁሉ የሚያወራችሁ ስለ ትልቁ ባትሪ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ስንት ዓመት ይቆያል? ቢበላሽ ስንት ብር ነው? ሻጩም ከዚህ አያልፍም። እኔን ደጄ ላይ ያስቀረችኝ ግን ማንም ስሟን ያላነሳልኝ ሌላ ባትሪ ናት። ከፊት ኮፈኑ ስር ጥግ ላይ የተቀመጠች፣ ባለ 12 ቮልት፣ እንደማንኛውም መኪና ያለች ትንሽ ባትሪ። ስለ እሷ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ያ ሁሉ መጉላላት አይደርስብኝም ነበር። የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ በተለይ ከአዲስ አበባ ርቃችሁ ለምትኖሩ።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ነው። ፋርማሲ አለኝ፤ መድኃኒቱን የማመላልሰውም ራሴ ነኝ። ቤንዚን ሰልፍ ላይ ቆሜ ያባከንኩትን ጊዜ ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። እናም ከቻይና የመጣች መካከለኛ ኤስዩቪ ገዛሁ። ከፍ ያለች፣ ሰፊ፣ ኮረኮንች የማትፈራ።

ውሉ፣ ሊብሬው፣ ሦስተኛ ወገኑ፣ ሰሌዳው እንደማንኛውም መኪና ነው። ወረፋ አለው፣ ያልቃል። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ለመንገዱም ስለሰጋሁ በሎቤድ አስጫንኳት።

ትንንሽ ችግሮች ወዲያው ጀመሩ። ስክሪኑ ቻይንኛ ነው። የስልኩ አፕ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። የቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ የቻይናው ጂቢ/ቲ የሚባለው ነው፤ የአውሮፓው ሶኬት አይገባበትም። ይህን ሳትገዙ በፊት በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ።

የቤት ቻርጀሩ ደግሞ ቀይ እያበራ እምቢ አለ። ለካ ቤታችን ሲሠራ ኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር፣ አልተቀበረለትም። የመጣው ኤሌክትሪሺያን «ኧርዙን ከኒውትራል ጋር ላገናኘውና አሁኑኑ ይሠራል» አለኝ። ኒውትራል ማለት ኤሌክትሪኩ ተመልሶ የሚሄድበት ገመድ ነው። አላደርገውም አልኩት፤ እናንተም እንዳታደርጉት። ኒውትራሉ አንድ ቀን ከተበጠሰ የመኪናዋ ቆርቆሮ ራሱ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ልጆች ደግሞ ይነኩታል። ግቢያችን ድንጋያማ ስለሆነ ቁፋሮው አስቸገረን እንጂ የመዳብ ዘንግ ቀበርን። ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም ገመድ ሳብን፣ የራሱን ብሬከር አስገባን። ከዚያ ወዲህ ቀይ መብራት አላየሁም።

ከዚህ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ደስታ ብቻ ነበር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የነዳጅ ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ አየር እያነሰው ይደክማል። የኔዋ ግን የጎሃን ዳገት ድምፅ ሳታሰማ ነው የምትወጣው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስወርድ ደግሞ ቁልቁለቱ መልሶ ቻርጅ ያደርግልኛል። በእሷ ኮርቻለሁ፤ ዛሬም እኮራለሁ።

ከዚያ ጥምቀት መጣ።

ጥምቀት ሲሆን ጎንደር ላይ መኪና ይቆማል። ከከተራ ጀምሮ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚወስደው መንገድ የሰው ነው። እኔም መኪናዋን ግቢ አቁሜ በእግሬ ስል ከረምኩ። የቃና ዘገሊላው ሚካኤል ከገባ በኋላ ለበዓሉ የመጣችውን አክስቴን አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ላደርሳት ሻንጣዋን ይዤ ወጣሁ። ሪሞቱን ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። ዝም። የበሩ እጀታ ከቆርቆሮው ጋር ተለጥፎ የሚቀመጥ ዓይነት ነው፤ መብራት ካላገኘ አይወጣም። እጄን የማስገባበት ቦታ እንኳ አጣሁ።

ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀች ቀጭን የብረት ቁልፍ አለች። ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳም እጀታው ጋ በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኗል። ይህን ያገኘሁት በስልኬ የቻይንኛውን መመሪያ ሥዕል እያየሁ ነው። ሻጩ መኪናዋን ሲያስረክበኝ ወንበሩ እንዴት እንደሚሞቅ አሳይቶኛል። ቁልፉን ግን አላሳየኝም።

ገባሁ። ውስጡ ጨለማ ነው። ማስነሻውን ብጫነው ምንም። ቻርጀሩን ብሰካው ምንም። ስናቆማት ትልቁ ባትሪ ከ70 በመቶ በላይ ነበረው! አክስቴ «አንቺ ልጅ፣ አውሮፕላኑ ሊያመልጠኝ ነው» ስትለኝ ባጃጅ ጠርቼ ሸኘኋትና ወደ ሻጩ ደወልኩ።

እዚህ ላይ ነው እስካሁን ያልበረደልኝ። ሲሸጥልኝ «እህቴ፣ በማንኛውም ሰዓት ደውሉ» ያለው ሰው ነው። የሆነውን ነገርኩት። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ባለቤትዎ አሉ? ቢያገናኙኝ» ብሎ ነው። ውሉን የፈረምኩት እኔ፣ ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የኔ። ከእኔ ጋር ተነጋገር አልኩት። «እንግዲያው ወደ አዲስ አበባ ያምጧት» አለኝ። የማትነሳ መኪና! 700 ኪሎ ሜትር! እዚህ ባለሙያ ላሳያት ስለው «ሌላ ሰው ከነካት ዋስትናው ይሰረዛል» አለና ስብሰባ ላይ ነኝ ብሎ ዘጋው። ያን ቀን ደግሜ ብደውል አላነሳም።

የሰፈር ልጆች ተሰበሰቡ። አንዱ «በገመድ ጎትተን እናስነሳት» አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ተጎትታ አትነሳም። ጎማዋ መሬት ነክቶ ከተጎተተችም ሞተሩ ሊጎዳ ይችላል፤ መጫን ካለባት አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ ነው። አንድ ጋራዥ ሄጄ ለመንኩ፤ «እትዬ፣ በኤሌክትሪክ መኪና እጄን አላስገባም» አለኝ። ቢያንስ እውነቱን ነገረኝ። ሌላው በድፍረት መጣ። የጭነት መኪና ባትሪ ሁለቱን አያይዞ ሊሰካ ሲል ደረስኩበት። ሁለቱ ሲያያዙ 24 ቮልት ነው። ያ ኃይል 12 ቮልት በለመደው ኮምፒውተሯ ውስጥ ቢያልፍ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌላ ኪሳራ ነበር። አመስግኜ ሸኘሁት።

በመጨረሻ አራዳ ገበያ አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ ጠቆሙኝ። ወጣት ነው። መጣ፤ ምንም ሳይነካ መጀመሪያ ኮፈኑን አስከፍቶ ዝም ብሎ አየ። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ወፍራም ገመዶች አሳየኝና «እትዬ፣ እነዚህን እኔም አልነካም፣ እርስዎም አይንኩ» አለኝ። ከፍተኛው ቮልቴጅ የሚያልፈው በእነሱ ነው። ከዚያ ቴስተሩን አውጥቶ ትንሿን ባትሪ ለካት። ጤነኛ ስትሆን 12.6 ቮልት አካባቢ ታሳያለች። የኔዋ 8 እንኳ አልሞላችም።

ነገሩ ይኸው ነው። ትልቁ ባትሪ መኪናዋ ስትጠፋ ለደኅንነት ሲባል ሪሌ በሚባል፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ተቆልፎ ይቀመጣል። ሪሌውን የምትከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰው፣ በሩን የምትከፍተው፣ ቻርጀሩን «ጀምር» የምትለው ትንሿ ናት። እሷ ከሞተች ጎተራው ሙሉ ሆኖ ቁልፉ እንደጠፋ ማለት ነው።

ልጁ የጎረቤቴን ቪትዝ አስጠግቶ ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከመኪናዋ ብረት ጋር አገናኘ። ኮፈኑ ስር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማን፤ ስክሪኑ በራ። በኤሌክትሪክ መኪና ትንሿን ባትሪ የሚሞላት ትልቁ ባትሪ ነው፤ የሚሞላትም በአብዛኛው መኪናዋ ለመሄድ ዝግጁ ሆና ስትበራ ወይም ቻርጅ ላይ ስትሆን ነው። ቁጭ ብሎ ሬዲዮ መስማት ብቻ ያፈሳታል እንጂ አይሞላትም። እንደበራች አቆይተናት ተለያየን።

ብዙም ሳይቆይ ደግማ ሞተች። በዚህ ጊዜ ልጁ «አንድ ነገር እየመጠጣት ነው» አለ። የኔጋቲቩን ገመድ ፈትቶ ቴስተሩን መሃል አስገባ። የኮፈኑን መቆለፊያ በካቻቪቴ ጫን አድርጎ የተዘጋ አስመሰለው። በሮቹን ቆለፍን፣ ሪሞቱን ወደ ቤት ወሰድኩት፣ መኪናዋ እስክትተኛ ጠበቅን። የተኛች መኪና ከ50 ሚሊ አምፒር በላይ መሳብ የለባትም። የኔዋ ብዙ እጥፍ ትስብ ነበር። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ሲሄድ በድንገት ቁጥሩ ወረደ።

ፊውዙን ተከትሎ ሽፋኑን ከፈተው። ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? የፊት መስታወቱ ላይ ያለችው ካሜራ። ሻጩ «ከእኛ ስጦታ» ብሎ የገጠመልኝ። ገመዷ ሁልጊዜ መብራት ካለው መስመር ላይ ተላጥቶ፣ በእጅ ተጠማዝዞ፣ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው እንኳ ላልቶ ነበር። መኪናዋ ቆማ ሌሊቱን ሙሉ ካሜራዋ ትቀርጻለች። ሌላ ሰው ከነካት ዋስትናው ይሰረዛል ያለኝ ሰው የፋብሪካውን ገመድ ራሱ ልጦ፣ ደባብሶ ሰጥቶኛል። ያን ናስትሮ ባየሁ ሰዓት የተሰማኝን ንዴት በቃል አልገልጸውም።

ልጁ የካሜራዋን መስመር መኪናዋ ስትበራ ብቻ መብራት ወደሚያገኝ ቦታ አዛወረልኝ፤ የራሷንም ፊውዝ ሰጣት። ትንሿ ባትሪ ግን ባዶ ሆና ስለቆየች ተጎድታለች፤ ቻርጅ አትይዝም። ልኳ ጎንደር አልተገኘም። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በዘመድ አስፈልጌ አስመጣሁ። ከዚያ ወዲህ ችግር የለም። ለከርሞው ጥምቀት ብትቆምም አልሰጋም።

አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህ ነው። ሻጮች «ምንም አትንኩ፣ ሁሉንም ወደኛ አምጡ» ይላሉ። ብርቱካናማዎቹን ገመዶች በተመለከተ ልክ ናቸው። ትንሿን ባትሪ በተመለከተ ግን አልቀበላቸውም። 12 ቮልት 12 ቮልት ነው፤ ቴስተር የሚያውቅ፣ የማያውቀውን የማይነካ ጥሩ ባለሙያ ከተማችሁ ውስጥ አለ። መኪናዋ ሳትበላሽ በፊት ፈልጉትና ስልኩን ያዙ። የራሳችሁን ቴስተር ግዙ፤ ውድ አይደለም። ከ12.2 በታች ካያችሁ እስክትሞት አትጠብቁ።

የብረት ቁልፉን ዛሬውኑ አውጥታችሁ በሩን በእሱ ክፈቱ። ስጦታ ተብሎ የሚገጠም ማንኛውንም ነገር፣ ካሜራም ይሁን ጌጥ መብራት፣ ከየትኛው መስመር እንደተሳበ ሳታዩ መኪናውን አትረከቡ። ለሳምንታት ከከተማ ስወጣ እኔ የትንሿን ባትሪ ኔጋቲቭ ገመድ ፈትቼ ነው የምሄደው። ሻጩ «በፍጹም አይፈታ» ነበር ያለኝ። ስመለስ ሰዓቷንና የመስኮቷን ማስተካከያ መልሼ እሞላለሁ፤ ያ ብቻ ነው። ሌላው፣ ደባርቅን አልፋችሁ ሊማሊሞን ልትወርዱ ከሆነ ከላይ መቶ በመቶ ሞልታችሁ አትነሱ። ሙሉ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኃይል መቀበያ ቦታ ስለሌለው ጫናው ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ውል ስትፈርሙ ደግሞ ዋስትናው የት እንደሚሠራ በጽሑፍ ይስፈር። «መኪናው ካልተነሳ ሻጩ መኪናው ባለበት ከተማ ድረስ ባለሙያ ይልካል» የምትል አንዲት መስመር አስገቡ። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ጋ ሂዱ፤ መኪና ሞልቷል።

እኔ የአዲሷን ባትሪ ዋጋና የባለሙያውን ክፍያ እንዲመልስልኝ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። የካሜራውን ገመድ ፎቶ፣ የናስትሮውን ጭምር፣ አያይዣለሁ። ደብዳቤው የገባበት ማህተም ያረፈበት ቅጂ እጄ ላይ አለ። በስልክ «ባትሪ በዋስትና አይሸፈንም» ብሎኛል፤ እኔ ደግሞ የጠየቅኩት ስለ ባትሪው ሳይሆን ስለ ገመዱ ነው። መልሱን በጽሑፍ እስኪሰጠኝ አልተወውም።