ብጉሬን ያባባስኩት እኔው ነበርኩ

ጅማ ውስጥ ፊትሽ ላይ ብጉር ከወጣ ሐኪም አይጠፋም። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ነው። ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር አንዷ እናት "ምች ነው" ብለው ዳማከሴ ያሹልኛል። ሌላዋ ደግሞ "አይዞሽ፣ የወጣትነት ነው፣ ስታገቢ ይጠፋል" ይሉኛል። ባል ፍለጋ ከመውጣቴ በፊት ሌላውን ሁሉ ልሞክር አልኩ።

መጀመሪያ ሎሚ። አቃጠለኝ፣ ላጠኝ። ቀጥሎ የጥርስ ሳሙና። እሱም ያው። በመጨረሻ መርካቶ ከአንድ ሱቅ "ፊት ያጠራል" የተባለ ትንሽ ቲዩብ ገዛሁ። በሳምንት ውስጥ ፊቴ መስታወት መሰለ! ለጓደኞቼም አወራሁለት፤ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ስተወው ግን ፊቴ ከበፊቱ ብሶ ፈላ። ስቀባ ይጠፋል፣ ስተው ይፈላል። አራት ወር እንዲህ ሄደ።

ቲዩቡን ይዤ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ጀርባውን አነበበችና "ቤታሜታዞን፣ ስቴሮይድ ነው" አለችኝ። እብጠቱንና መቅላቱን ለጊዜው ያፍነዋል እንጂ ብጉር አያድንም። ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፤ ራሱም ብጉር ያወጣል። ለካ እሳቱን በቤንዚን እያጠፋሁ ነበር።

ከዚያ አስረዳችኝ። ከቆዳችን ስር ቅባት የሚያመነጩ እጢዎች አሉ። በጉርምስና ሆርሞን ሲጨምር ቅባቱ ይበዛል። ቅባቱና የሞተ ቆዳ ፀጉር የሚወጣበትን ቀዳዳ ይደፍኑታል፤ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ይራባል፤ ያብጣል። ስለዚህ ነገሩ የቆሻሻ ጉዳይ አይደለም። እኔ ግን በቀን አምስቴ ፊቴን በሳሙና እፈትግ ነበር።

ግንባሬን ደግሞ ለብቻው አየችው። "ፀጉርሽን ምን ትቀቢያለሽ?" ቅቤ ነበር፣ ከነሻሹ። እየቀለጠ ግንባሬ ላይ ይወርዳል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል። ቡናስ ልተው ብዬ በፍርሃት ጠየቅኳት። "ቡናውን ጠጪ፣ ስኳሩን ቀንሺ" አለችኝ። ጅማ ተወልጄ ቡና አቁሚ ብትለኝ እንኳ አልሰማትም ነበር።

ስቴሮይዱን ቀስ በቀስ አስቆመችኝ። ፊቴ ሲረጋጋ ጠዋትና ማታ በለስላሳ ሳሙና መታጠብ፣ ጠዋት 2.5 ፐርሰንት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፣ ማታ አዳፓሊን የሚባሉ የብጉር ቅባቶች መቀባት። አዳፓሊኑ የአተር ፍሬ ታክላለች፣ ለሙሉ ፊት። መጀመሪያ ቀን አብዝቼ ቀብቼ ተላጥኩ። ለእርጉዝ እንደማይሆንም ነግራኛለች። ቤንዞይሉ ደግሞ ጨርቅ ያነጣል፤ የእናቴ ሰማያዊ ፎጣ ምስክር ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ትዕግስቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭራሽ ባሰብኝ፤ ለውጥ ያየሁት በሁለተኛው ወር መጨረሻ ነው። ጥቁር ነጥቦቹ ግን ቆዩ። ጠባሳ መስለውኝ ነበር። ጠባሳ ሳይሆኑ ብጉሩ ሲድን የተወው ቀለም ናቸው፤ እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ወራት ይቆያሉ። ባፈረጥኩ ቁጥር ይጨምራሉ፣ ፀሐይም ያጠቁራቸዋል። ለጅማ ዝናብ የምይዘውን ጃንጥላ አሁን ለፀሐይም እዘረጋዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቡና ላይ እኚያው እናት አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃን አዞሩት።

"ምነው ልጄ፣ ሳትነግሪን አገባሽ እንዴ?"