አውቶማቲክ ካምቢዮና ነዳጅን አጥብቆ መርገጥ

አውቶማቲክ መኪና ላይ ነዳጅ አጥብቆ መርገጥ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ይጎዳል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ፣ ጤናማ ካምቢዮን መርገጡ ብቻውን አይጎዳውም የሚል ነው። ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ ካምቢዮው ራሱ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ወርዶ ጉልበት እንዲሰጥ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ደግሞ፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በአየሩ መሳሳት ምክንያት የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያጣ፣ ወደ እንጦጦ ለሚወጣ ሰው ፔዳሉን መጫን ግድ ይሆንበታል።

እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ሙቀት ነው። ፍሬን ይዞ ነዳጅ መስጠት፣ ወይም ዳገት ላይ መኪናውን በፍሬን ፋንታ በነዳጅ ይዞ ማቆየት፣ ኃይሉ በሙሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ የካምቢዮውን ዘይት እንዲያግል ያደርገዋል። ዘይቱ በተደጋጋሚ ሲግል ይበላሻል፣ በካምቢዮው ውስጥ እርስ በርስ ተጣብቀው ኃይል የሚያስተላልፉት የፍሪሲዮን ሸራዎችም መንሸራተት ይጀምራሉ። መኪናው ወደ ኋላ እየተንከባለለ ማርሹን ወደ ፊት መቀየርም እነዚህኑ ሸራዎች ይበላል።

በነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ ሲደረግ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ የሚሰጥ ዘይት ካያችሁ፣ የአነዳዳችሁን ነገር ከመመርመራችሁ በፊት መኪናውን ለባለሙያ አሳዩት።