የካርማን ጊያዬ ሞተር ወርዶ ተከፈተ

ባለፈው ስጽፍላችሁ ሞተሩን ላውርደው ወይስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ብቻ ለውጬ ልለፈው እያልኩ ነበር። ይኸው ወርዶ ተከፍቶ ደብረ ማርቆስ ግቢያችን ውስጥ ጆንያ ላይ ተዘርግቷል።

ላልተከታተላችሁ፣ መኪናዋ የ1969 እ.ኤ.አ. ካርማን ጊያ ናት። መልኳ የስፖርት መኪና ነው፤ ልቧ ግን የቮልስ ነው፤ 1493 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 44 የፈረስ ጉልበት። እሱም ከፋብሪካ ስትወጣ ነው። እዚህ በ2400 ሜትር ከፍታ፣ አየሩ በሳሳበት፣ ሙሉ ጭነት የያዘ አይሱዙ ዳገት ላይ ጥሩምባ እየነፋ ያልፈኛል።

ስለዚህ ልቤ 1776 ሲሲ ላይ ነበር። ፒስተኑ ከ83 ወደ 90.5 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ለዚያ ግን የሞተሩ አካልም ቴስታታውም (የሲሊንደሮቹ ክዳን) መቦረቦር አለባቸው። ሳይቦረቦር የሚገባ ባለ 87ም አለ፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ስለሚሳሳ ግን አልወደድኩትም። ያገለገለ ሞተር ከአዲስ አበባ ማምጣትንም አስቤ ነበር። ውስጡን ሳላይ ልገዛ? የሰው ችግር በገንዘብ መግዛት ሆነብኝ።

ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ሰፈራችን ያሉት ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ሞተሩ ሳይከፈት የኋላውን ፑሊ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳብ ገፋ አደረጉት። ቋ፣ ቋ አለ። «ሰማህ ልጄ? ፋሻ ብትቀይርላት ለሞተ ሰው ጫማ እንደ መግዛት ነው» አሉኝ። ስንለካው የክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) የወዲያ ወዲህ ጨዋታ 0.40 ሚሊ ሜትር ሆነ። የሚፈቀደው ከ0.07 እስከ 0.13 ሲሆን ከ0.15 ካለፈ ያበቃለታል። ሲከፈት ደግሞ የዘይት ማጣሪያው ወንፊት ላይ እንደ ቀይ ትል የተጠቀለለ ሲልኮን፣ ማሸጊያ ማስቲሽ፣ አገኘን። ከእኔ በፊት የነካው ጋራዥ ሁለቱን የሞተር ግማሾች ሲገጥም የቀባው ነው። አልተሳደብኩም ብል ውሸት ነው።

እንግዲህ ሙሉ እድሳት ሆነ። የክራንክ ሻፍቱ መቀመጫዎች አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት ተቦርቡረው 0.5 ሚሊ ሜትር የወፈረ ብሮንዚና (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት) ይገባላቸዋል። ፒስተኑ ወደ 85.5 ያድጋል፤ ይህ ያለምንም ቡርቦራ ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ 1584 ሲሲ ይሰጠኛል። ይበቃኛል። ከ1776 የተረፈውን ብር ማቀዝቀዣው ላይ አፈሳለሁ።

ምክንያቴ አባይ በረሃ ነው። ከድልድዩ ወደ ደጀን ስትወጡ ከ1000 ሜትር በላይ ዳገት ነው፤ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በዚያ ሙቀት። በድሮው አሠራር የዘይት ማቀዝቀዣው ማራገቢያው ቤት ውስጥ ስለቆመ ለ3ኛው ሲሊንደር የሚደርሰው አየር አስቀድሞ የሞቀ ነው። ቮልስ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ቫልቭ የሚበላው 3ኛው ነው። ቮልስዋገን ራሱ በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ወደ ጎን አወጣው። እኔም የዚያን ቤት ከነማራገቢያው እገጥማለሁ።

ትናንት ማታ ቴስታታውን በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ ሳጥብ፣ 3ኛው ላይ ከቫልቭ መቀመጫው ወደ ካንዴላው ቀዳዳ የምትሄድ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አየሁ። ጥፍሬ ይይዛታል። ደህና ቴስታታ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ መግቢያው ነጠላ የሆነውን እንጂ መንታውን አይደለም፤ የእኔ ማኒፎልድ (ከካርቡሬተሩ ወደ ቴስታታው የሚወስደው ቱቦ) አይገጥመውም።