ክራር የሚቃኝ ሰው ስንት ያወጣል?

ወሩ ሲያልቅ ካልኩሌተሬን ይዤ ባንኮኒው ጀርባ ቁጭ እላለሁ። ስታዲየም አካባቢ ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ አለችኝ። በፊት ፒያሳ ነበርኩ፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጣሁት። ኪራዩን አከራዬ ይወስናል፤ የዕቃውን ዋጋ ዶላር ይወስናል። እኔ ልነካው የምችለው ወጪ ደመወዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አምና ነካሁት።

ሻጬ ሙዚቀኛ ነው። 12,000 ብር ነበር የምከፍለው። በአሠሪው በኩል የሚከፈለው ጡረታ 11 በመቶ ነው፤ 1,320 ብር ሲጨመር 13,320 ይሆናል። (የእሱ 7 በመቶ ከራሱ ደመወዝ ነው የሚቆረጠው።) ጭማሪ ሲጠይቀኝ "የለም" አልኩት። ሄደ። በምትኩ አንዲት ልጅ በ6,000 ቀጠርኩ፤ ከነጡረታዋ 6,660። ልክ ግማሹ! ደስ አለኝ።

ጎረቤቴ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ ነው። "ድሮስ ለሻጭ ይህን ያህል ይከፈላል እንዴ?" አለኝ። የእሱ ነገር ሌላ ነው። ማሊያ ራሱን ይሸጣል። ገዢው "ላርጅ አለ?" ይላል፣ በቃ። ኳስ ከሆነ ደግሞ መሬት ላይ ሁለቴ ያነጥራትና ይከፍላል። ክራር ግን እጅ ይፈልጋል።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ገቡ፤ ለልጅ ልጃቸው ክራር ሊገዙ። ልጅቷ ከግድግዳው አወረደችላቸው።

"እስቲ ትዝታ ቃኚልኝ፣ የኔ ልጅ።"

እኔን አየችኝ፤ እኔም እሷን። ስድስቱም ክሮች ላልተዋል። ክራር እንደ ጊታር አንዴ ተቃኝቶ የሚቀመጥ አይደለም፤ የትዝታ ቅኝት ሌላ፣ የባቲ ሌላ፣ የአንቺሆዬ ሌላ። ሽማግሌው አንዱን ክር በጣታቸው ነካ አደረጉና "ድምፁን ሳልሰማ እንዴት እገዛለሁ?" አሉ። ምንም ሳይቆጡ፣ አመስግነው ወጡ። እሱ ነው የባሰ ያሳፈረኝ።

በሦስት ወር ሁለት ክራር ሸጥኩ። ሙዚቀኛው እያለ በአንድ ቅዳሜ የምሸጠው ነበር።

ሰዓቱም አለ። ሕጉ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ይፈቅዳል። ደመወዙን የሚመልሰው ግን ስንቱ ነው? ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ዝንብ ነው የምናባርረው። ሰው የሚመጣው ተማሪ ከተለቀቀ በኋላና ቅዳሜ ነው። በበዓል ላሠራ ብል ትርፍ ሰዓቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው፤ ስለዚህ እዘጋለሁ።

መጨረሻ ላይ ለሙዚቀኛው ደወልኩለት።

"እትዬ፣ እመጣለሁ። ግን 14,000፣ ከሸጥኩት ላይ ኮሚሽን፣ የጥር ቅዳሜዎች ደግሞ የኔ ናቸው።"

ጥር ሰርግ ነው። አንድ ሰርግ ላይ የሚያገኘውን እኔ በሳምንት አልሰጠውም። ከነጡረታው 15,540 መሆኑን በልቤ አሰላሁ። ልከራከር አፌን ስከፍት የሽማግሌው ፊት ትዝ አለኝ። እሺ አልኩት።

ልጅቷን አላሰናበትኳትም። ደረሰኝና ቆጠራ ላይ እሱን ታስከነዳዋለች፤ እሱ ሒሳብ ሲያይ ያዛጋዋል። ዝንብ በምናባርርበት ሰዓት ቅኝት እያስተማራት ነው። ትናንት አጥብቃ ስታዞር ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ።

"እትዬ፣ ከደመወዜ ይቁረጡት" አለችኝ ደንግጣ።

ከመሳቢያው ሌላ ክር አወጣሁላት። ጥር ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።